120 ፍሬ ዶክሲሳይክሊን

መስከረም መጨረሻ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ጋምቤላ ልሄድ ነው» አለኝ። ፌራዮ ነው፤ ሕንፃ ላይ ብረት ያስራል። የሦስት ወር ሥራ አግኝቷል። የቀን ክፍያው እዚህ ከሚያገኘው ይሻላል፣ ማደሪያም አለው። እናቱ ግን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ቋጥራ ሻንጣው ውስጥ ከትታለታለች። አጎቱ ደግሞ «ማታ ማታ አንዲት መለኪያ አረቄ ካልክ ቢንቢ አይደፍርህም» ብሎታል። እኔ ጋ የመጣው እንግዲህ ሦስተኛ ምክር ፍለጋ ነው።

ሁለታችንም ያደግነው መሃል አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ወባን የምናውቀው በዜና ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጧል። ብርዱ የወባው ተህዋስ ትንኟ ሆድ ውስጥ እንዲያድግ አይፈቅድለትም። ዕዳው የሚመጣው ቆላ ስንወርድ ነው። ጋምቤላ ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ ልጅነቱን ሙሉ ተነክሶ፣ ታሞ፣ ድኖ ሰውነቱ ወባን መቋቋም ተምሯል። የእኛ ልጅ የሚሄደው ባዶ እጁን ነው። በ1958 ወባ ከቆላው አልፎ ወደ ደጋማው አካባቢ በወጣ ጊዜ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ታሞ 150 ሺህ የሚሆን እንደሞተ ይገመታል። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው ወባን በማያውቅ ሕዝብ ላይ ስለወረደ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጥናቶቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ።)

ተያይዘን ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድን። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ፋርማሲ በሽ በሽ ነው። መጀመሪያ የገባንበት ቤት «የወባ መከላከያ» ከማለታችን «ስንት ፍሬ?» አሉን። ማን እንደሚወስደው፣ የት እንደሚሄድ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ የጠየቀን የለም። ወጣን። ሁለተኛው ጋ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ማዘዣችሁስ?» አለች። አልነበረንም። አንድ ክሊኒክ ገብተን፣ ካርድ አውጥተን፣ ሐኪም አነጋግረን ተመለስን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ነው። ልጅቷ ጣቷን እያጠፈች ሒሳቡን አስረዳችን። ከጉዞው በፊት ሁለት ቀን፣ እዚያ እያለ ዘጠና ቀን፣ ከተመለሰ በኋላ ሃያ ስምንት ቀን። 120 ፍሬ።

ልጁ ካፕሱሉን አገላብጦ አየው። «ይሄማ አንቲባዮቲክ ነው» አለ። «ባለፈው ለቁስል ሰጥተውኛል። ወባና አንቲባዮቲክ ምን አገናኛቸው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ተመራማሪዎችንም ብዙ ዓመት ያስቸገረ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ነው የሚገድለው። የወባው ተህዋስ ፕላዝሞዲየም ደግሞ ባክቴሪያ አይደለም። በአሠራሩ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ለራሳችን ሕዋስ ይቀርባል። ታዲያ የባክቴሪያ መድኃኒት እሱን ምን አድርጎ ይነካዋል?

ነገሩ የድሮ እንግዳ ታሪክ ነው። በጣም በጣም ድሮ፣ የፕላዝሞዲየም ቅድመ አያት አንድ ቀይ አልጌ ዋጠ። አልጌው በበኩሉ ከዚያ በፊት የነበረ ቅድመ አያቱ የዋጠውን ባክቴሪያ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነበር፤ ዕፅዋት ከፀሐይ ምግብ የሚሠሩበት አረንጓዴው ክፍል የመጣው ከዚሁ ባክቴሪያ ነው። የተዋጠው አልተፈጨም። እዚያው ቀረ፣ ቤተኛ ሆነ። ፀሐይ መሞቁ ቀርቶ ሌላ ሥራ ተሰጠው። ዛሬ አፒኮፕላስት ይባላል። የራሱ ትንሽ ዲ ኤን ኤ አለው። ፕሮቲን የሚሠራበት ማሽንም አለው፤ ማሽኑም እስከ ዛሬ የባክቴሪያ ዓይነት ነው። እንደ ዶክሲሳይክሊን፣ ክሊንዳማይሲንና አዚትሮማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች የሚገቡት በዚህ በር ነው። ፕላዝሞዲየም ያለ አፒኮፕላስቱ አይኖርም፤ ለሕይወቱ የግድ የሚያስፈልገውን ኬሚካል የሚያመርትለት እሱ ነው። በእኔ ቤት ይህ በባዮሎጂ ውስጥ ካሉት ደስ የሚሉ ነገሮች አንዱ ነው። ሰው ገዳዩን ተህዋስ የምንይዘው አያቱ ውጦት በቀረ ጉርሻ ነው።

ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ዶክሲ የነካው ተህዋስ ወዲያው አይሞትም። እንዲያውም በደም ውስጥ ይራባል። የሚወለዱት ልጆቹ ናቸው የማይሠራ አፒኮፕላስት ወርሰው የሚያልቁት። ተመራማሪዎቹ «የዘገየ ሞት» ይሉታል። በደም ውስጥ አንዱ የመራቢያ ዙር ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ተህዋስ ዓይነት ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጨርስ ቀናት ያልፋሉ። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው ያን ያህል ጊዜ የለውም። ሐኪሞች ዶክሲን ብቻውን ለወባ ሕክምና የማይሰጡት፣ ሲሰጡም እንደ ኩኒን ካለ ፈጣን መድኃኒት ጋር የሚያጣምሩት ለዚህ ነው። ለመከላከያ ግን መዘግየቱ ችግር የለውም። ትንኟ ስትነክስ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ይጠብቃል።

ከተመለሱ በኋላ ያሉት ሃያ ስምንት ቀናትም ከዚህ ይመጣሉ። ከንክሻው በኋላ ተህዋሱ መጀመሪያ ጉበት ይገባል። እዚያ ሳምንት ገደማ ተደብቆ ይራባና ነው ወደ ደም የሚወጣው። ዶክሲ በደንብ የሚይዘው ደም ውስጥ ሲገባ ነው። ሰው ደግሞ አውቶቡስ ተራ በወረደ ማግሥት ኪኒኑን ይጥላል። «አዲስ አበባ ገባሁ እኮ፣ ምን ወባ አለ» ይላል። በመጨረሻው ሌሊት የነከሰችው ትንኝ የተወችው ጉበቱ ውስጥ ነው ያለው።

አንድ የማይወራ ጉድለትም አለ። በኢትዮጵያ ወባ የሚያመጣው ፋልሲፓረም ብቻ አይደለም፤ ቫይቫክስም ትልቅ ድርሻ አለው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ለወራት ተኝቶ መነሣት ይችላል። ዶክሲ የተኛውን አይቀሰቅሰውም፣ አይገድለውም። ኪኒኑን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ የጨረሰ ሰው ከወራት በኋላ፣ እዚሁ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣ ሊያተኩሰው ይችላል። ያን ጊዜ ለሐኪሙ «ጋምቤላ ነበርኩ» ማለት አለበት። ካላለ መጨረሻው ይታወቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ይዞ ላብራቶሪ የገባ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ይወጣል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት። ከዚያ የአንቲባዮቲክ ከረጢት ይሸከማል።

እስከዚህ ያለው ስለ አንድ ልጅ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። የሚሠራ ከሆነ ለምን ለሁሉም አይሰጥም? ወባ በበዛበት ወረዳ ዝናቡ ሲያባራ ለሕዝቡ በሙሉ አንቲባዮቲክ ቢታደልስ?

ጥያቄው የጅል አይደለም። በ2010 ከጀርመን ሃይደልበርግና ከኬንያ ኪሊፊ የመጡ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። አይጦችን በወባ ተህዋስ ወጉና በዚያው ሰሞን አዚትሮማይሲን ወይም ክሊንዳማይሲን ሰጧቸው። ተህዋሱ ጉበት ውስጥ አደገ። ሲወጣ ግን አፒኮፕላስቱ ባዶ ስለሆነ ደም መውረር አልቻለም። አይጦቹ አልታመሙም። ጉበት ውስጥ ያደገው ተህዋስ ለሰውነታቸው ትምህርት ሆነ፤ ከወራት በኋላ ያለ መድኃኒት ሲወጉም ተቋቋሙ። መድኃኒትም ክትባትም በአንድ ፍሬ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የወባ ወቅት ባለባቸው አካባቢዎች በወቅቱ አንቲባዮቲክ መስጠት እንዲታሰብበት ሐሳብ አቀረቡ። ያኔ ሳነብ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። አይጥ ግን አይጥ ነው።

ለሰው ሲመጣ አንዱ ትልቅ ትምህርት የተገኘው ከራሳችን አገር ነው፤ ከወባ ሳይሆን ትራኮማ ከሚባለው የዓይን በሽታ። አማራ ክልል ውስጥ ለዓመታት አዚትሮማይሲን በዘመቻ ሲታደል ኖሯል። ያየ ሰው ያስታውሳል። ሰው ትምህርት ቤት ግቢ ወይም ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፣ ልጆቹ በዱላ ቁመታቸው ይለካል፣ በቁመታቸው ልክ ሽሮፕ ይሰጣቸዋል። ከ2008 ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሥራው በአንድ ሳምንት ተጣምሮ የሚካሄድበት ዘመቻም ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ የተደረገ ጥናት በ2009 ሲታተም ብዙዎችን አስደነገጠ። ለዓይን የተሰጠው መድኃኒት ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ሞትን በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር። ትራኮማ አይገድልም። የቀነሰው የሳንባ ምች፣ የተቅማጥ፣ ምናልባትም የወባ ሞት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ የተካሄደ በጣም ትልቅ ጥናት በ2018 ወጣ። በዓመት ሁለት ጊዜ አዚትሮማይሲን የወሰዱ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ ያነሰ ሆነ፤ ኒጀር ላይ ቅነሳው ከዚያም በለጠ።

ይህን ሰምቶ «በሉ እናድል» የማይል ሰው ልቡ ድንጋይ ነው። እኔም ብያለሁ።

ከዚያ የደብተሩን ሌላኛውን ገጽ አየሁ። እዚያው ጎንቻ፣ እነዚያው ልጆች። በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ አፍንጫና ጉሮሯቸው ውስጥ ያለው ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ተመረመረ። ዋናው የሳንባ ምች አምጪ እሱ ነው። ዘመቻው ሲጀመር መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ የያዙት ልጆች 3.6 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ 46.9 በመቶ ሆኑ። ግማሽ ለመሆን ትንሽ ቀርቶት። ዕደላው ሲቆም ቁጥሩ እየወረደ እንደሚሄድ በኋላ ታይቷል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን ወባ የአንድ ዓመት ጉዳይ አይደለም። በየመስከረሙ ይመጣል። በየመስከረሙም ማደል ይጠይቃል።

ለወባው ጉዳይ ደግሞ በቀጥታ የተፈተነ አለ። ቡርኪና ፋሶና ማሊ ውስጥ ሕፃናት በወባ ወቅት በየወሩ የሚሰጣቸው የመከላከያ ኪኒን አለ፤ ሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚንና አሞዳያኩዊን። የመጀመሪያውን ፋንሲዳር ብሎ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ተመራማሪዎች በዚህ ላይ አዚትሮማይሲን ቢጨመርስ ብለው ወደ 20 ሺህ በሚጠጉ ሕፃናት ላይ ሞከሩ። ውጤቱ በ2019 ወጣ። ሞትም፣ ሆስፒታል መግባትም አልቀነሰም። ልዩ የወባ መድኃኒት በሥራው ላይ ካለ አንቲባዮቲኩ በወባ ላይ የሚጨምረው ነገር አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 አዚትሮማይሲንን ለሕፃናት ሁሉ በጅምላ መስጠትን አልደገፈም። ሞት በጣም በበዛበት ቦታ፣ ከ1 እስከ 11 ወር ላሉት ብቻ፣ ሊታሰብበት ይችላል ነው ያለው።

ፋንሲዳርን ካነሣን አይቀር፣ ኢትዮጵያ በዚህ መድኃኒት ጣቷን ተቃጥላለች። ለተራ ፋልሲፓረም የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነበር። ተህዋሱ ተላመደውና በ2004 በኮአርተም ተተካ። መድኃኒት ያረጃል። የሚያረጀውም ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ በወሰደው ቁጥር ነው። ያውም ፋንሲዳር ሲያረጅ የጠፋን የወባ መድኃኒት ነው። ዶክሲ ቢያረጅ የሚቀርብን ስንቱ ነው? ተስቦ በእሱ ይድናል። ክረምት በመጣ ቁጥር በየጎዳናው የሚያድረውን ሰው በቅማል የሚይዘው ግርሻ በእሱ ይታከማል። ኮሌራ ሲነሣ አንድ ጊዜ የሚሰጠው እሱ ነው። አንዳንድ የአባላዘር በሽታም በእሱ ነው። ርካሽ ነው፣ በየጤና ጣቢያው አለ። እንደዚህ ያለ ዕቃ ደግሞ ሲያልቅ ነው ዋጋው የሚታወቀው። ለእርጉዝ ሴትና ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንደማይሰጥም ጨምሩበት። ወባ በብዛት የሚገድለው ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ነው። በጅምላ ቢታደል የሚያልፋቸው ዋነኞቹን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለሕዝብ በጅምላ አይሆንም ባይ ነኝ። ነገር ግን ክርክሩ እዚህ ላይ ሲዘጋ ቅር ይለኛል። «አንቲባዮቲክ ይቆጠብ» የሚለው ምክር አዲስ አበባ ውስጥ ትክክለኛውን ሰው አያገኘውም። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን በሦስት ፍሬ የሚገዛው ሰው አልሰማም። ዶክሲ በእውነት የሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ መኖሩንም አያውቅም።

ማን ነው የሚያስፈልገው? ሰውነቱ ወባን መቋቋም ያልተማረ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚሄድ፣ ጎልማሳ የሆነ ሰው። የውጭ አገር ጎብኚ ቦሌ ሲወርድ ዶክሲው ወይም ሌላ መከላከያው ሻንጣው ውስጥ ነው። የአሜሪካና የአውስትራሊያ ወታደሮች ወባ ወዳለበት ሲዘምቱ ይህንኑ ኪኒን ወይም ሌላ መከላከያ ይውጣሉ። ከደጋ ወርዶ ሁመራና መተማ ሰሊጥ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛ፣ ጋምቤላ ሕንፃ ላይ ብረት የሚያስረው ፌራዮ ከእነሱ በምን ይለያል? በሰውነቱ በምንም። የሚለየው የሚያስብለት በማጣቱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የመድኃኒት መላመድ ሥጋትም ልኩ ይታወቃል፤ ቁጥሩ ውስን፣ ጊዜው ውስን። በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ዓመት ደገኛን ያለ ምንም ነገር ቆላ መላክ ሥራ መስጠት አይባልም።

አወሳሰዱም ምክር ይፈልጋል። ፋርማሲዋ ልጅ ያለችውን እዚህ ልድገመው፣ ብዙ ቦታ አይነገርምና። ምግብ በልተህ ዋጠው። ውኃው አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይሁን፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቃጥላል። ውጠህ ወዲያው አትተኛ። የጨጓራ መድኃኒት ወይም አይረን ከወሰድክ በአንድ ሰዓት አታድርገው። ፀሐይ ቆዳህን ከወትሮው በላይ ይለበልበዋል። እዚህ ላይ ልጁ ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ነው የሚውለው። «እጅጌ ረጅም ልበስ» አለችው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም እንደሚገባና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾም ሲነግራት «እንግዲያው ስትፈታ፣ ከምግቡ በኋላ፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት» ብላ ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችለት። አጎበሩንም እንዳይረሳ ነገረችው። ኪኒን የዋጠም ሰው አጎበር ውስጥ ነው የሚተኛው።

ሄደ። ነጭ ሽንኩርቱም አብሮት ሄደ፤ እናት ናት፣ ምን ይባላል።

ኅዳር ላይ ደወለልኝ። ድምፁ ደህና ነው። «ጋሼ፣ ያ መድኃኒት አልቋል» አለኝ። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው፣ እንዴት ያልቃል? ቀስ ብሎ ነገረኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው ነው የሚተኙት። እሱ ማታ ማታ ሲውጥ አምስቱ ያዩታል። «ብቻዬን ልውጥ እንዴ?» አለኝ። ሁለቱን ከጉዞው በፊት ውጦ የቀረው 118 ለስድስት ሲካፈል ሃያ ለመሙላት ትንሽ ነው የሚጎድለው። ሃያ ቀን ገደማ ሁሉም ዋጡ፣ ከዚያ ሁሉም አቆሙ። ሁለቱ ታመው ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ተመርምረው ኮአርተም ወስደው ድነዋል። እሱን እስካሁን አልነካውም። እንድልክለት ፈልጎ ነው የደወለው። ለስድስት።

«አሠሪያችሁስ?» አልኩት። «ስትገቡ ምንም አልሰጣችሁም?»

«ሰጥቶናል እንጂ» አለኝ። «ሄልሜትና ቦት። አስፈርሞ።»